ጥያቄን ወደ ጓዳ አገልጋይ ስለ መምራት፤ የአሠራሩ ማብራሪያና የስያሜዎቹ ምርጫ

ስለ ኮምፒዩተር መረብ አስተዳደር የሚያስተምር አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ተተርጕሞ፣ ከመታተሙ በፊት አስተያየት እንድንሰጥበት ረቂቁ ደርሶን ነበር። ትርጕሙ በትጋት የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ የድር አገልጋይ የተቀበለውን ጥያቄ ከበስተጀርባው ለሚገኝ መተግበሪያ ስለሚያስተላልፍበት አሠራር ከሚናገረው ምዕራፍ ስንደርስ፣ ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ሆነው ሳለ ነገሩ የማይጨበጥ ሆኖ አገኘነው። «የተገላቢጦሽ ወኪል»፣ «ላይኛው ወንዝ»፣ «ወደብ»፣ «መጥፎ በር» የሚሉት ስያሜዎች እየተከታተሉ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ለእንግሊዝኛው ቃል ታማኝ ነው፤ ለጽንሰ ሐሳቡ ግን አንዱም ታማኝ አይደለም።

ጉዳቱም በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በዚሁ ረቂቅ እየተመራ ሥራውን የሞከረ አንድ ወጣት ባለሙያ፣ «መጥፎ በር» የሚለውን ማስታወቂያ አይቶ ምንም ያልጎደለውን የፊት አገልጋይ አፍርሶ እንደገና ሲተክል እንዳደረ፣ በማግስቱ ግን ሥራ አቁሞ የነበረው ከበስተጀርባ ያለው መተግበሪያ ሆኖ መገኘቱን አጫውቶናል። ያልታመመውን ያሳከመው የቃሉ ትርጕም ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ አሠራሩን እናብራራለን፤ ቀጥለንም ለዋና ዋናዎቹ ጽንሰ ሐሳቦች የቀረቡትን ስያሜዎች መርምረን የመረጥናቸውን ከነምክንያታቸው እናቀርባለን።

1. አሠራሩ

ድር የምንለው የመረጃ መረብ የተወጠነው እ.ኤ.አ. በ1989 ቲም በርነርስ-ሊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ድርጅት ውስጥ ሲሠራ ባቀረበው ሐሳብ ነው። መሠረቱ ቀላል ነው። አንዱ ወገን ይጠይቃል፤ ሌላው ወገን ይመልሳል። የሚጠይቀው በአንባቢው ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ላይ ያለው መቃኛ ሲሆን፣ የሚመልሰው የድር አገልጋይ የሚባለው ነው። በመጀመሪያው ዘመን አገልጋዩ በአመዛኙ የተዘጋጁ ገጾችን ከማኅደር እያወጣ የሚሰጥ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ገጹ አስቀድሞ ተጽፎ የማይቀመጥ፣ ጥያቄው ሲመጣ በዚያው ቅጽበት የሚሰናዳ ሆነ። ይህን የማሰናዳት ሥራ የሚሠራው ራሱን የቻለ መተግበሪያ ነው። ስለሆነም ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ከፊት ሆኖ የሚቀበልና ከኋላ ሆኖ የሚያሰናዳ።

ይህን አሠራር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በማናቸውም መሥሪያ ቤት ያለውን መዝገብ ቤት ማሰብ ይበቃል። ባለጉዳዩ ማመልከቻውን ለመዝገብ ቤቱ ያስረክባል። መዝገብ ቤቱ ቀንና ቁጥር ሰጥቶ፣ በገቢ መዝገብ አስፍሮ፣ የጉዳዩ ባለቤት ለሆነው ክፍል ይመራዋል። ክፍሉ ጉዳዩን መርምሮ መልስ ያዘጋጃል። መልሱ በቀጥታ ለባለጉዳዩ አይሰጥም፤ ወደ መዝገብ ቤቱ ተመልሶ ወጪ ሆኖ ይወጣል። ባለጉዳዩ የትኛው ክፍል፣ የትኛውስ ሠራተኛ እንደ መለሰለት አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ለእርሱ መሥሪያ ቤቱ ማለት ያ መስኮት ነው።

የፊት አገልጋዩም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ዛሬ በዚህ ተግባር ላይ በብዛት ከሚገኙት መካከል እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አፓቺና ኢጎር ሲሶዬቭ የተባለው ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያቀረበው ኤንጂን-ኤክስ ይጠቀሳሉ። የዚህ አሠራር ጥቅም ከአንድ በላይ ነው፤

ሀ) በአንድ አድራሻ ሥር ብዙ መተግበሪያዎችን ማኖር ይቻላል። አንባቢው አንድ ስም ብቻ ይጠራል፤ የመጻሕፍቱን ጉዳይ ለአንዱ፣ የመዝገበ ቃላቱን ጉዳይ ለሌላው የሚያከፋፍለው የፊት አገልጋዩ ነው።

ለ) የመልእክቱ ምስጢራዊነት የሚጠበቅበት ሥራ በፊት አገልጋዩ ላይ አንድ ጊዜ ይከናወናል። እያንዳንዱ መተግበሪያ የየራሱን የምስክር ወረቀት መያዝ አያስፈልገውም።

ሐ) መስመሩ ደካማ የሆነ ጠያቂ መልሱን ቀስ እያለ ሲቀበል፣ የፊት አገልጋዩ መልሱን ይዞ ይጠብቀዋል፤ መተግበሪያው ግን ወደ ሌላ ሥራው ይመለሳል።

መ) ሥራ ሲበዛ አንዱን መተግበሪያ በብዙ ቅጂ አሠርቶ ጥያቄዎቹን በተራ ማደል ይቻላል። አንዱ ቅጂ ለእድሳት ሲቆም ሌሎቹ ይሠራሉ፤ ጠያቂው ምንም አያውቅም።

በአንጻሩ መስኮቱ አንድ በመሆኑ፣ መስኮቱ ከተዘጋ ከኋላ ያሉት ሁሉ በሥራ ላይ እያሉ መሥሪያ ቤቱ እንደ ተዘጋ ይቆጠራል።

2. «ወኪል» ወይስ «እንደራሴ»?

እንግሊዝኛው በመካከል ቆሞ ስለ ሌላው የሚሠራውን አገልጋይ ፕሮክሲ ይለዋል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ መነሻው ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ መጠንቀቅና ማስፈጸም የሚል ነው። ለዚህ በረቂቁ የተመረጠው «ወኪል» ነው። ወኪል መልካም ቃል ነው፤ በሕጋችንም ውክልና የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚሁ የሙያ መስክ ለሌላ ጽንሰ ሐሳብ ተፈላጊ ሆኖ እናገኘዋለን። የመረቡ ደንብ የአንባቢውን መቃኛ የተጠቃሚው ወኪል ብሎ ይጠራዋል። ሁለቱንም «ወኪል» ካልናቸው፣ «ወኪሉ ለወኪሉ ላከ» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ እንወድቃለን።

ከዚህ በተጨማሪ «አጋፋሪ»፣ «አማላጅ»ና «እንደራሴ» የሚሉት ቃላት ቀርበው ነበር። አጋፋሪ በግብር ቤት ደጅ ቆሞ እንግዳውን የሚያስተናብር ሹም ነው። ሥርዓት የማስያዙ ነገር ከአሠራሩ ጋር ይሄዳል። ነገር ግን አጋፋሪ በመጨረሻ እንግዳውን ራሱን ያስገባዋል፤ በኛ አሠራር ግን ጠያቂው ከቶ ወደ ውስጥ አይገባም። አማላጅም ቃል ያመላልሳል፤ ይሁንና አማላጅነት ልመናን ስለሚያሰማ፣ ጥያቄው ይሳካ አይሳካ በአማላጁ ጥረት ላይ የተመሠረተ ያስመስላል።

«እንደራሴ» ግን ከቃሉ አመሠራረት ጀምሮ የሚፈለገውን ይናገራል። እንደ ራሴ ማለት ነውና፣ በላኪው ቦታ ቆሞ እንደ ላኪው የሚታይ ማለት ይሆናል። ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲባሉ ቃሉ የያዘው ትርጕም ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አርኤፍሲ 9110 የተባለው የመረቡ ደንብም ይህን ዓይነቱን የፊት አገልጋይ ሲተነትን፣ ወደ ጠያቂው በሚያመራው ግንኙነት በኩል እንደ ዋናው አገልጋይ ሆኖ የሚሠራ ነው ይለዋል። ስለዚህ ለፕሮክሲ «እንደራሴ»ን፣ ለመቃኛው ደግሞ «የተጠቃሚ ወኪል»ን መርጠናል።

ቀጥሎ የሚመጣው «የተገላቢጦሽ» የሚለው ቅጽል ነው። እንግሊዝኛው ይህን ቅጽል የጨመረበት ምክንያት ታሪካዊ ነው። በመጀመሪያ የታወቀው እንደራሴ ለጠያቂዎች የሚሠራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ሰርን ውስጥ የተሠራው አገልጋይ፣ በመከላከያ አጥር ውስጥ ላሉ ሰዎች ወደ ውጭ ወጥቶ ገጽ የሚያመጣ እንደራሴ ሆኖ ያገለግል ነበር። በኋላ ለአገልጋዮች የሚሠራው ሲስፋፋ፣ ከፊተኛው ለመለየት በተቃራኒው የሚሠራ ተባለ። በአማርኛ ግን «የተገላቢጦሽ» ሥርዓት የተፋለሰበትን ነገር የሚያመለክት ነቀፌታ ነው። ከዚህም ሌላ ምኑ እንደ ተገለበጠ ለአንባቢው አይነግረውም። ልዩነቱ ያለው እንደራሴው የማን እንደራሴ ነው በሚለው ላይ ስለሆነ፣ ስሙም ይህንኑ ቢናገር ይሻላል። ስለዚህ አንዱን «የጠያቂ እንደራሴ»፣ ሌላውን «የአገልጋይ እንደራሴ» ብለናቸዋል። ከዚህ በኋላ የትኛው ማንን ከማን እንደሚሰውር ማብራሪያ አያስፈልገውም። የጠያቂ እንደራሴ ጠያቂውን ከአገልጋዩ ይሰውራል፤ የአገልጋይ እንደራሴ አገልጋዩን ከጠያቂው ይሰውራል።

እዚህ ላይ «ደንበኛ» የሚለው ቃል ስለ ምን እንደ ቀረ የሚጠይቅ አይጠፋም። ደንበኛ የመግዛትና የመሸጥ ጠረን አለው። መቃኛው ግን የሚሠራው መጠየቅ ነውና «ጠያቂ» ብለነዋል። «ደንበኛ»ን የለመዱ ተርጓሚዎች ቢጠቀሙበት ግን ጽንሰ ሐሳቡን አያዛባም።

3. «የጓዳ አገልጋይ»

ከእንደራሴው በስተጀርባ ሆኖ መልሱን የሚያሰናዳውን እንግሊዝኛው ባክኤንድ ይለዋል። «የኋላ ጫፍ» የሚለው ቀጥተኛ ትርጕም መሣቂያ ከመሆን አላለፈም። «የኋላ አገልጋይ» ይሻላል፤ ሆኖም ኋላ የሚለው ቃል በአማርኛ የጊዜና የደረጃ መዘግየትን ጭምር ያመለክታል። «የውስጥ አገልጋይ» ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት የውስጥ መረብ ላይ ብቻ ከሚሠራ አገልጋይ ጋር ይምታታል።

በቤታችን አሠራር ግን ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለ። እንግዳ በእልፍኝ ይስተናገዳል፤ ምግቡ የሚሰናዳው በጓዳ ነው። እንግዳ ወደ ጓዳ አይዘልቅም፤ የጓዳውንም ሥራ አያይም። ከጓዳ የሚወጣው ሁሉ በአስተናጋጁ እጅ ይቀርብለታል። ይህ ከተፈለገው ጽንሰ ሐሳብ ጋር አንድ ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ቃሉ ለሳይንስ ጽሑፍ ክብር አይመጥንም ብለው ነበር። ነገር ግን የእንግሊዝኛውም ቃል ከዕለት ተዕለት ንግግር የተወሰደ እንጂ ከቤተ መንግሥት የወጣ አይደለም። ደግሞም ጓዳ የቤቱ ኃይል የሚገኝበት ስፍራ ነው። ስለዚህ «የጓዳ አገልጋይ» እንላለን።

4. «መምራት»ና «መመሪያ»

እንደራሴው የተቀበለውን ጥያቄ ለጓዳው ሲሰጥ የሚፈጽመውን ድርጊት «ማስተላለፍ» ማለት ስሕተት አይሆንም። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት አማርኛ የተሻለ ይሰጠናል። ኃላፊው በደብዳቤው ጠርዝ ላይ የሚመለከተውን ክፍል ጠቅሶ «ይመራ» ብሎ ሲጽፍበት፣ ደብዳቤውን መራው ይባላል። መምራት ማለት ተመልክቶ፣ ባለቤቱን ለይቶ መስጠት ነው፤ ማስተላለፍ ግን ሳያዩም ይሆናል። እንደራሴው የጥያቄውን መንገድ አንብቦ የሚለይ ስለሆነ «ጥያቄን መምራት» ትክክለኛው ስያሜ ነው።

ከዚሁ ዘር የሚወጣው «መመሪያ» የሚለው ቃል ደግሞ በውቅር ፋይል ውስጥ የሚጻፈውን እያንዳንዱን ትእዛዝ ለመሰየም ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል። ውቅር የምንለው አገልጋዩ እንዴት እንዲሠራ እንደሚፈለግ የሚዘረዝር ጽሑፍ ነው። በኤንጂን-ኤክስ ውስጥ ጥያቄን ለመምራት የሚያገለግለው መመሪያ ፕሮክሲ-ፓስ፣ በአፓቺ ደግሞ ፕሮክሲፓስና ጥንዱ ፕሮክሲፓስ-ሪቨርስ ይባላሉ። ሁለተኛው የጓዳው አገልጋይ በመልሱ ራስጌ ላይ የራሱን የውስጥ አድራሻ ጠቅሶ «ወደዚያ ሂድ» ባለ ጊዜ፣ ያን አድራሻ በእንደራሴው አድራሻ የሚተካ ነው። እነዚህን የመመሪያ ስሞች ተርጓሚው ከቶ መተርጐም የለበትም። ለሰው የተነገሩ ቃላት ሳይሆኑ መሣሪያው የሚያውቃቸው ምልክቶች ናቸውና፣ በፋይሉ ውስጥ በመጡበት ፊደል እንዳሉ ይጻፋሉ። እዚህ በፊደላችን የጻፍናቸው ለንባብ እንዲመቹ ብቻ ነው። የምንተረጕመው ስለ መመሪያው የሚሰጠውን ማብራሪያ ነው።

መመሪያው በአማርኛ ሲነበብ ይህን ይመስላል፤ «በመጻሕፍት የሚጀምር መንገድ ይዞ የመጣውን ጥያቄ፣ በዚሁ ኮምፒዩተር ላይ በ8000 በር ለሚያዳምጠው መተግበሪያ ምራ»። ለአፍ ቀላል ነው፤ በጽሑፍ ግን አንድ እዝባር ብዙ ይለውጣል። በኤንጂን-ኤክስ የጓዳው አድራሻ መጨረሻ ላይ እዝባር ከተጨመረ፣ «/መጻሕፍት/ዝርዝር» የሚለው መንገድ የፊተኛው ክፍል ተቈርጦ «/ዝርዝር» ብቻ ሆኖ ወደ ጓዳው ይደርሳል። እዝባሩ ካልተጨመረ መንገዱ እንዳለ ይሄዳል። እዝባርን በ«ት/ቤት» ውስጥ የምናውቀው ቃል ለማሳጠር ነው፤ እዚህ ደግሞ መንገድ ያሳጥራል። ስለሆነም የትርጕም አራሚ በእንዲህ ያለ ምሳሌ ውስጥ ያገኘውን እዝባር ለመልክ ሲል ቢያነሣ ወይም ቢጨምር፣ አንባቢውን ገጹ ወደማይገኝበት ስፍራ ይልከዋል።

በተመሳሳይ ሁኔታ በኤንጂን-ኤክስ ውስጥ ማናቸውም ነጠላ መመሪያ የሚዘጋው በላቲኑ ድርብ ሰረዝ ነው። የኛን ድርብ ሰረዝ መሣሪያው አያውቀውም። ሥርዓተ ነጥብን ወደ አማርኛ የሚለውጥ አራሚ ከውቅር ምሳሌዎች እጁን ማራቅ ይኖርበታል።

5. «ገቢ»ና «ወጪ»፤ የወንዙም ምሳሌ

ረቂቁን ከሁሉ ይልቅ ያሳሳተው አፕስትሪም የተባለው ቃል ነው። ቃሉ ከወንዝ የተወሰደ ሲሆን ወደ ምንጩ ያለውን አቅጣጫ ያመለክታል። በአማርኛ ስለ ዐባይ በሚደረገው ንግግር «የላይኛው ተፋሰስ» እና «የታችኛው ተፋሰስ» መባላቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ተርጓሚው ከዚህ መነሣቱ አያስወቅሰውም። ችግሩ ያለው በእንግሊዝኛው ውስጥ ነው።

ከላይ የጠቀስነው ደንብ ማናቸውም መልእክት ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል ይላል። በዚህ አነጋገር ጥያቄ ሲፈስስ ላይኛው ጠያቂው ነው፤ መልስ ሲፈስስ ግን ላይኛው አገልጋዩ ነው። ላይና ታች እንደ መልእክቱ ይለዋወጣሉ ማለት ነው። በኤንጂን-ኤክስ ግን አፕስትሪም የተባለው መመሪያ ሁልጊዜ የጓዳ አገልጋዮችን ስብስብ ብቻ ይሰይማል። ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ቃል በአንዱ ገጽ ጠያቂውን፣ በሌላው ገጽ የጓዳውን አገልጋይ ሊያመለክት ይችላል። ሁለቱንም «ላይኛው ወንዝ» የሚል ተርጓሚ የማይታረቁ ሁለት ነገሮችን በአንድ ስም አስሮ ያስረክባል።

መፍትሔው ቃሉን ትቶ ጽንሰ ሐሳቡን መከተል ነው። ስለ ኤንጂን-ኤክስ ሲነገር «የጓዳ አገልጋዮች ስብስብ» እንላለን። ስለ መልእክት አፈሳሰስ ሲነገር «ከላኪው በኩል»ና «ከተቀባዩ በኩል» ማለት ይበቃል። ደንቡ የማይለዋወጥ አቅጣጫን ለማመልከት የሚጠቀምባቸው ሌሎች ሁለት ቃላትም አሉ፤ አንዱ ወደ ዋናው አገልጋይ የሚያመራውን፣ ሌላው ወደ ተጠቃሚው የሚያመራውን ይገልጻሉ። ለእነዚህ የመዝገብ ቤታችን «ገቢ»ና «ወጪ» ያለ ምንም ማሻሻያ ይሆናሉ። መሥሪያ ቤቱን ማዕከል አድርገው የተሰየሙ በመሆናቸው፣ ባለጉዳዩ ቢላላክ ቢመላለስ ገቢው ገቢ፣ ወጪውም ወጪ ነው።

6. «ወደብ» ወይስ «በር»?

አንድ ኮምፒዩተር ብዙ አገልግሎቶችን በአንድ ጊዜ ሊሰጥ ስለሚችል፣ የመጣው መልእክት ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ የሚለይበት ቁጥር አለው። ቁጥሩ እስከ 65535 ይደርሳል። ለተራ የድር ግንኙነት 80፣ ለምስጢራዊው 443 የተመደቡ ናቸው። እንግሊዝኛው ይህን ፖርት ስለሚለው «ወደብ» ተብሎ ተተርጕሟል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ በአንድ አጻጻፍ የተገናኙ ሁለት ቃላት አሉ፤ አንዱ የመርከብ ማረፊያ ሲሆን ሌላው መግቢያ በር ነው። ሁለቱም ከላቲን የመጡ ናቸው። የኮምፒዩተሩ ፖርት የሁለተኛው ዘር ነው። ስለዚህ «ወደብ» ተመሳሳይ ድምፅ ያሳሳተው ትርጕም ነው፤ ትክክለኛው «በር» ነው።

«ወደብ» በብዙ ጽሑፎች ውስጥ እንደ ገባ አናጣውም። ሆኖም «አገልግሎቱ በ443 በር ያዳምጣል» ሲባል ያልሠለጠነ ሰው እንኳ ይገባዋል። ከዚሁ ጋር አንድ ምክር እንጨምራለን። የጓዳው አገልጋይ በሩን መክፈት ያለበት በተቻለ መጠን 127.0.0.1 በተባለው የኮምፒዩተሩ የራሱ አድራሻ ላይ ብቻ ነው። ለውጭው ሁሉ ከከፈተ፣ ማንም እንደራሴውን ትቶ በጓሮ ይገባል። ስለዚህ «በማናቸውም አድራሻ» እና «በራሱ አድራሻ ብቻ» የሚሉትን ሐረጎች ተርጓሚ ሊያምታታቸው አይገባም።

7. «ራስጌ»ና «መሸኛ»

እያንዳንዱ ጥያቄ ከዋናው ቃል አስቀድሞ ማን እንደ ጠየቀ፣ የትኛውን ስም እንደ ጠራ፣ በምን ቋንቋ እንደሚፈልግ የሚዘረዝሩ መስመሮች አሉት። እነዚህን «ራስጌ» ብለናል። ቃሉ ስለ ገጽ አቀማመጥ በሚነገርበት ጊዜ ከ«ግርጌ» ጋር አስቀድሞ የተለመደ ነው።

ጥያቄ በእንደራሴ በኩል ሲያልፍ ችግር ይፈጠራል። የጓዳው አገልጋይ የሚያየው የእንደራሴውን አድራሻ እንጂ የጠያቂውን አይደለም። ለእርሱ ሰው ሁሉ አንድ ሰው ነው። ስለዚህ እንደራሴው የመጀመሪያውን ጠያቂ አድራሻ፣ የተጠራውን ስምና የመጣበትን ሥርዓት በተጨማሪ ራስጌ ጽፎ ያያይዛል። ለዚህ በልማድ የሚሠራባቸው ራስጌዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ አርኤፍሲ 7239 አንድ ወጥ ራስጌ ደንግጓል። መሥሪያ ቤት ማመልከቻን ወደ ሌላ ሲልክ «መሸኛ ደብዳቤ» እንደሚያያይዝ፣ ይህንንም «መሸኛ ራስጌ» ብለነዋል።

መሸኛው ሲጎድል ምን እንደሚሆን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። እንደራሴው ከጠያቂው ጋር በምስጢራዊው ሥርዓት ይነጋገራል፤ ከጓዳው ጋር ግን በተራው። ጠያቂው በየትኛው እንደመጣ ካልተነገረው፣ ጓዳው «በምስጢራዊው በኩል ተመለስ» ብሎ ይመልሰዋል። ጠያቂው በምስጢራዊው በኩል ይመለሳል፤ ጓዳው አሁንም በተራው እንደ ደረሰው አድርጎ እንደገና ይመልሰዋል። መቃኛው እስኪታክት ድረስ ይዞራል።

መሸኛ ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም። ማንም ጠያቂ የፈለገውን አድራሻ ጽፎበት ሊመጣ ይችላል። ስለሆነም የጓዳው አገልጋይ ማመን ያለበት የገዛ እንደራሴው የጻፈውን ብቻ ነው። «መሸኛ» የሚለው ስያሜ ይህን ጥንቃቄ በውስጡ ይዟል፤ ማኅተሙን ሳያይ መሸኛን የሚቀበል መሥሪያ ቤት የለምና።

8. የስሕተት ማስታወቂያዎች

አሁን ወደ ተነሣንበት «መጥፎ በር» እንመለስ። የድር አገልጋይ ጥያቄውን መፈጸም ሲያቅተው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይመልሳል። 502 የተባለው በእንግሊዝኛ «መጥፎ መግቢያ» የሚመስል ስም አለው። በደንቡ መሠረት ግን ትርጕሙ፣ እንደራሴ ሆኖ የሚሠራው አገልጋይ ከገቢው በኩል ካለው አገልጋይ የማይረባ መልስ ደረሰው ማለት ነው። በተግባርም ኤንጂን-ኤክስ የጓዳው መተግበሪያ ቆሞ ግንኙነት በተከለከለ ጊዜ ይህንኑ ቁጥር ይሰጣል። ማስታወቂያውን የሚናገረው ጤነኛው ነው፤ ታማሚው ከኋላ ያለው ነው። «መጥፎ በር» ግን ተናጋሪውን ራሱን ታማሚ ያደርገዋል። ስለዚህ 502ን «ከጓዳ ብቁ መልስ አልተገኘም» ብለነዋል።

504 ደግሞ ጓዳው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ አለመመለሱን ያመለክታል። ኤንጂን-ኤክስ የተለየ መመሪያ ካልተሰጠው በሁለት ንባቦች መካከል 60 ሴኮንድ ይጠብቃል። «የበር ጊዜ አለቀ» ከማለት «ከጓዳ መልስ በጊዜው አልደረሰም» ማለት ይሻላል። 503 ግን አገልጋዩ ለጊዜው ማስተናገድ አለመቻሉን ስለሚናገር «ለጊዜው አገልግሎት የለም» ይበቃዋል። እነዚህን ሦስቱን በቅጡ ለይቶ የሚያነብ ሰው የትኛውን ኮምፒዩተር መመርመር እንዳለበት ወዲያው ያውቃል።

9. የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ

በመጨረሻ የቋንቋ ባለሙያዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነጥብ እናንሣ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ዕትም ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ የድር መንገዶችን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። መልእክቱ በመስመር ላይ ሲጓዝ እያንዳንዱ የኛ ፊደል በሦስት ባይት፣ ማለትም በዘጠኝ የላቲን ምልክቶች ይተካል። «መጻሕፍት» የሚለው ባለ አምስት ፊደል ቃል 45 ምልክት ይሆናል። ኤንጂን-ኤክስ ግን መንገዱን ከመመሪያው ጋር የሚያመሳክረው ወደ ፊደሉ ከመለሰው በኋላ ስለሆነ፣ በውቅሩ ውስጥ «መጻሕፍት» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ነገር ግን መሣሪያው ሞክሼ ፊደላትን አያውቅም። ለእርሱ ጻና ፃ፣ ሕና ህ፣ ኅም ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ይኸው አንድ ቃል በስድስት ዓይነት አጻጻፍ ሊመጣ ይችላል፤ እንደራሴው ከስድስቱ የሚያውቀው በውቅሩ የተጻፈውን አንዱን ብቻ ነው። «መፃህፍት» ብሎ የጻፈ አንባቢ ስድስት ጊዜ ትክክል ቢሆን እንኳ ገጹን አያገኝም። አጻጻፍን ወጥ የማድረግ ክርክር ለብዙ ዘመን የውበትና የሥርወ ቃል ክርክር ሆኖ ቆይቷል፤ እዚህ ላይ ግን በር የመክፈትና የመዝጋት ጉዳይ ይሆናል። በአማርኛ መንገድ የሚያዋቅር ባለሙያ አንዱን አጻጻፍ መርጦ፣ የቀሩትን አምስቱን ወደ እርሱ እንዲመሩ ማድረግ ይኖርበታል።

10. የተመረጡ ስያሜዎች

ከዚህ በላይ በዝርዝር የተመለከትናቸው ስያሜዎች በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

ጠያቂ፤ ጥያቄን የሚያቀርብ ወገን።
የተጠቃሚ ወኪል፤ ስለ አንባቢው ጥያቄ የሚልክ መቃኛ ወይም መሰል መሣሪያ።
እንደራሴ፤ በጠያቂና በአገልጋይ መካከል ቆሞ ስለ አንዱ የሚሠራ አገልጋይ።
የጠያቂ እንደራሴ፤ ጠያቂውን ወክሎ ወደ ውጭ የሚጠይቅ።
የአገልጋይ እንደራሴ፤ አገልጋዩን ወክሎ ከውጭ የሚቀበል።
የጓዳ አገልጋይ፤ ከእንደራሴ በስተጀርባ ሆኖ መልስ የሚያሰናዳ።
ጥያቄን መምራት፤ ጥያቄን አይቶ ለሚመለከተው የጓዳ አገልጋይ መስጠት።
ውቅር፤ የአገልጋዩን አሠራር የሚወስን ጽሑፍ። መመሪያ፤ በውቅር ውስጥ ያለ አንድ ትእዛዝ።
ገቢ፤ ወደ ዋናው አገልጋይ የሚያመራ። ወጪ፤ ወደ ተጠቃሚው የሚያመራ።
በር፤ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አገልግሎትን የሚለይ ቁጥር።
ራስጌ፤ ከመልእክቱ ቃል የሚቀድም መግለጫ መስመር።
መሸኛ ራስጌ፤ እንደራሴው ስለ መጀመሪያው ጠያቂ የሚያያይዘው መግለጫ።

እንደሚታየው አብዛኞቹ ስያሜዎች አዲስ የተፈጠሩ አይደሉም። ከመዝገብ ቤት፣ ከቤታችን ጓዳና ከአስተዳደር ታሪካችን የተገኙ ናቸው። አንድ የሙያ ስያሜ መልካም መሆኑ የሚታወቀው ከባዕዱ ቃል ጋር በመመሳሰሉ ሳይሆን፣ ሰምቶ የሚሠራው ሰው ሳይሳሳት በመሥራቱ ነው። ያ ወጣት ባለሙያ በዚያች ሌሊት «ከጓዳ ብቁ መልስ አልተገኘም» የሚል አንብቦ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ጓዳ ሄዶ ባየ ነበር። ከእነዚህ ስያሜዎች መካከል በሥራ ላይ ሲውል የሚያሰናክል ያገኘ ተርጓሚ፣ ያሰናከለውን ዓረፍተ ነገር ሳይለውጥ እንዲልክልን በአክብሮት እንጠይቃለን።